ያቃጠለ ይልበስ

ጋሽ እንፋሎት ዕድሜ ልኩን ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። ይህን ራሱ ሲናገር የማያውቀው ሰው ቀና ብሎ ያየውና «የት ግንባር?» ይለዋል። «ኮሌታ ግንባር» ይላል እሱ፤ ከዚያ ከጠያቂው ቀድሞ ይስቃል። ቀልዷን ያልሰማት ሰው የለም፤ ሳቁ ራሱ ስለሚያስቅ ግን ማንም ተው ብሎት አያውቅም።

የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ነው። መስኮት የሌለው ሰፊ ክፍል ነው። በአንድ ወገን ማጠቢያ ማሽኖቹ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ፣ መሐል ላይ አንሶላ የሚታጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ በዚያኛው ጥግ የእሱ መተኮሻና ካውያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በእንፋሎት ስለሚታፈን ሰውዬው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው።

ሲጀምር ቅርጫት ተሸካሚ ነበር። የቀድሞው ተኳሽ ወገቡን ሲያመው «እስቲ ይቺን የትራስ ልብስ ሞክራት» ብሎ ካውያ አስያዘው፤ ሞከራት፣ እዚያው ቀረ። በዚያችው ካውያ ትዳር ያዘ፣ ልጆች አሳደገ፣ ትልልቆቹን ዳረ። አሁን ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ሚጣ ናት። ሚጣ ትባል እንጂ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ኮሌጅ ገብታ እንግሊዝኛ ትማራለች። በእሷ ከመጡበት አይወድም። ላውንደሪ ውስጥ ስለ ሸሚዝ ካላወራ የሚያወራው ስለ ሚጣ ነው፤ ሚጣ እንዲህ አለች፣ ሚጣ እንዲህ ያለ ውጤት አመጣች። አንሶላ አጣፊዋ «ጋሼ፣ ልጅቷን እኛ ያማጥናት እኮ ነው የሚመስለን» ትለዋለች።

ያ ክፍል የራሱ የሆነ ደንብ ነበረው። ደንቡን ያወጣው ጋሽ እንፋሎት ነው፤ «ያቃጠለ ይልበስ» ይባላል። ልብስ ያቃጠለ ሰው ያንኑ ልብስ ለብሶ እስከ ሻይ ሰዓት ይሠራል። ሸሚዝ ከሆነ ያጠልቀዋል፣ አንሶላ ከሆነ እንደ ካባ ጣል ያደርገዋል። ጋሽ እንፋሎት አንድ ጊዜ የቬሎ ጫፍ አሳርሮ ግማሽ ቀን ሙሽራ ሆኖ ውሏል። ክፍሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሻይ ሲመጣ ግን የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የምትሰጠው ለለባሹ ነው። ልብሱ ይወልቃል፣ አጣፊዋ ለቃጠሎው አንድ መላ ትፈልጋለች፣ የቬሎውን ጫፍ ለምሳሌ በዳንቴል ሸፈነችው። ነገሩ ከክፍሉ በር አይወጣም፤ አለቃ አይሰማም። ያቃጠለውም ሰው በማግስቱ ሌላው ሲያቃጥል ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው እሱ ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣ ሰሞን ለትውውቅ ምድር ቤት ወረደ። ወጣት ነው፣ ሰላምታው ጥሩ ነው፣ ጋሽ እንፋሎትን «እርስዎ» እያለ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። ጋሽ እንፋሎት ደግሞ እንግዳ ሲያይ ካላሳቅሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ነው። ዝም ቢል ምን ነበረበት! የቬሎውን ነገር አጫወተው፣ ደንቡንም ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጣፊዋ ከአንሶላዋ ቀና ብላ በዓይኗ ተቆጣችው።

«ምን አጠፋሁ?» አላት ሰውዬው ሲሄድ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ጋሼ። የቤታችንን ጨዋታ ለውጭ ሰው ሰጡት።»

አጋነነችው ብሎ ተወው።

ነገሩ የደረሰ ዕለት መነጽሩን ቤት ረስቶ ወጣ። ያለ መነጽር ቅርቡም ሩቁም ይደበዝዝበታል፤ ካውያ መያዝ አልነበረበትም። እሱ ግን የለመደ እጅ ዓይን አያሻውም ብሎ ተኩራራ። በአንድ እንግዳ ነጭ ሸሚዝ ላይ የተጋደመች ክር ታየችውና ሊያነሣት ጎንበስ አለ፤ ክር አልነበረችም፣ ስፌት ናት። እሱ ከስፌት ጋር ሲታገል ካውያው ሸሚዙ ደረት ላይ ቆየ። ሽታው ነው የነገረው። ሲያነሣው የካውያው ቅርጽ እንዳለ ቡናማ ሆኖ ታትሟል።

«ያቃጠለ ይልበስ!» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም እየሳቀ አጠለቀው። እንግዳው ቀጭን ሰው ኖሯል፤ ቁልፎቹ አልገናኝ አሉ፣ እጅጌው ክርኑን አልፎ አልሄድ አለ። በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ደረሰ። ባለሸሚዙ ለስብሰባ ቸኩሎ «ልብሴ የት ገባ?» እያለ ሰው ፊት ጮኾበት ኖሮ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ጋሽ እንፋሎትን በዚያ ሸሚዝ ውስጥ ሲያየው ቆም አለ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ደንባችሁ ነው አይደል?» አለ። «ያቃጠለ ይልበስ ነው የምትሉት?»

«አዎ አለቃ፣ ደንባችን ነው» አለ ጋሽ እንፋሎት፣ አሁንም እየሳቀ።

«በል እንግዲያው እንግዶቹም ይዩህ። ተከተለኝ።»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚለው። ጋሽ እንፋሎት ይህችን ልብ ያላት ደረጃውን ወጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ዋናው በር ላይ፣ ከበረኛው ጎን አቆመው። ሥራ አስኪያጁ ለሚገባው ለሚወጣው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር እያለ ይስቃል፣ እንግዶቹም ይስቃሉ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው። ባለሸሚዙም ከላይ ወርዶ አየው፤ እሱ እንኳ አልሳቀም፣ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ጋሽ እንፋሎት ግን ሳቀ። ለምን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አያውቀውም። ያው ሸሚዝ ነው፣ ያው ደንብ ነው፣ ያው ሳቅ ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የተለየው? ሲስቅ መንጋጋውን የሚያመው ከመቼ ወዲህ ነው?

በዚህ መሐል አንዲት ልጅ አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛ በመስተዋቱ በር ገባች። ሚጣ አረንጓዴ ጃንጥላ አላት። ፊቷ አልታየውም፤ መነጽር የለም። ልጅቷ ትንሽ ገባ አለችና ቆመች። በረኛው ወደ እሷ ሄዶ አንድ ነገር ጠየቃት፣ አንድ ነገር መለሰችለት፣ ዞር ብላ ወጣች። ጋሽ እንፋሎት ያኔም እየሳቀ ነበር።

እንግዲህ ሰውዬውን መላ ያሳጣው ይህ ነው፤ ሚጣ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ሰው ሲስቅበት ኖሯል። ልጁ አይታው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በረኛውን ሊጠይቀው ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ተቀመጠ። «ልጅዎ ነበረች እንዴ?» ቢለው ምን ሊል ነው?

ያን ቀን ቤቱ ሲደርስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቀልዱን ጀመረ። አይታው ከሆነ እንደ ጨዋታ እንድትቆጥረው፣ ካላየችውም ከሌላ አፍ እንዳትሰማው፣ መቅደም አለበት። ሸሚዙ እንዴት እንደጠበበው ተነሥቶ አሳየ፣ የበረኛውን አቋቋም አስመሰለ፣ ፎቶ ያነሣችውን ሴትዮ አስመሰለ። ሚስቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ቆይ፣ እንግዶቹ ፊት?» አለች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ሰውዬው ንቆሃል።»

«ደንባችን ነው እኮ እያልኩሽ!»

«ደንቡ የእናንተ ነው። እሱን ማን ጋበዘው?»

እኔ፣ ሊላት ነበር፤ ዋጠው። ሚጣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሳህኗን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ እንፋሎት መነጽሩን ሊያነሣ ወደ አልጋው ራስጌ ሄደ፤ ጠዋት የረሳው እዚያ ነው። የለም። ሲፈልግ ሲፈልግ ከነማኅደሩ ቴሌቪዥኑ ላይ አገኘው። «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለ። ሚስቱ ቤት ስታጸዳ ዕቃ ማዘዋወር ትወዳለች፤ እሷ ትሆናለች ብሎ ራሱን አጽናና። ልቡ ግን አልተጽናናም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ሚጣ ጠረጴዛው ላይ መዝገበ ቃላቷን ዘርግታ ታጠናለች፣ እሱ አጠገቧ የኮሌጅ ሸሚዟን ይተኩሳል። የእሷን ልብስ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

«ዛሬ ምንድን ነው ትምህርቱ?» አላት።

«አንድ ቃል ነው። ትርጉሙንና አጠቃቀሙን ለክፍል ማስረዳት አለብን። የእኔ ‹ሂዩሚሊዬሽን› ነው።»

«የሳል መድኃኒት ነው የሚመስለው።»

«ውርደት ማለት ነው፣ አባዬ።»

ካውያው እጁ ላይ ከበደው። የቃሉ ብዛት፣ እንግሊዝኛ ባሕር ነው ሲባል ሰምቷል፤ ከዚያ ሁሉ መሐል ይቺን ማን አወጣላት? መምህሩ ነው ወይስ ራሷ? መጠየቅ ፈራ።

«ሀፍረት በይዋ» አለ።

«አይደለም። ሀፍረትማ ብቻህን ክፍልህ ተቀምጠህም ይይዝሃል። ይሄ አድራጊ ይፈልጋል። ከአንተ በላይ የሆነ ሰው፣ ሰው ፊት፣ ዝቅ ሲያደርግህ ነው። የሚያይ ሰው ከሌለ ቃሉ ትንሽ ይሳሳል።»

«እና ምድር ቤት ያለውን ሰው ወደ ላይ ቢያወጡትስ? እሱ ወጣ እንጂ መቼ ወረደ?» ብሎ ሳቀ።

ሚጣ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን የሚያደርስበት አጥቶ ወደ እጅጌው ተመለሰ።

«ሰውዬው ራሱ ቢስቅስ?» አለ ቆይቶ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ማለቴ ለምሳሌ ነው። ሲያደርጉት አብሮ ቢስቅ፣ ያ ቃል ይሠራል?»

ሚጣ መጽሐፉን ዝቅ ብላ አየች፣ ገጹን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች። «እሱ እዚህ አልተጻፈም» አለች። «እኔ ግን የሚስቀው ሰውዬ የባሰ ይመስለኛል...» አልጨረሰችውም።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች እናቷ ከጓዳ።

የሸሚዟ እጅጌ አሯል። ጋሽ እንፋሎት «ያቃጠለ ይልበስ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሚጣ ሸሚዟን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና «ግድ የለም አባዬ፣ እጅጌውን ሰብስቤ እለብሰዋለሁ» አለችው። ይህች ደግነቷ ከስድብ የባሰ ግራ አጋባችው።

ላውንደሪውም እንደ ቀድሞው አልሆን አለ። አንዲት አዲስ ሠራተኛ የትራስ ልብስ ስታሳርር ሁሉም ወደ እሱ አየ። እንደ ልማዱ አንሥቶ እንደ ቆብ ራሷ ላይ ሊደፋላት እጁን ዘረጋ፤ አንድ ሰው አልሳቀም። ልጅቷ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ቀርታለች። እጁን መለሰ። ቆይተው ሻይ ሲጠጡም የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ለማን እንደምትሰጥ የሚያውቅ ጠፋ።

«ሸሚዙን መሰልዎት የወሰደብን?» አለችው አጣፊዋ። «ደንቡን ነው።»

አጣፊዋ የሠራተኞቹ ተወካይ ናት፤ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የሆቴሉ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ናቸው። አቤቱታዋ እነሱ ዘንድ ደረሰና ነገሩን የምታጣራ ሴት ላኩ።

«እርስዎ አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚሉት» አለችው አጣፊዋ። «‹አዋረደኝ› ይበሉ። ‹ጨዋታ ነው› ካሉ ግን ነገ ሌላውን እዚያው በር ላይ ያቆመዋል።»

«እኔው ራሴ ነኝ እኮ የነገርኩት። አብሬም ስቄያለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ። እውነቱን ነው። አዋረደኝ ካለ፣ ያን ቀን በር ላይ የቆመው ሰው የሚጣ የተዋረደ አባት ይሆናል። ጨዋታ ነው ካለ፣ ሚጣ ያየችው ጨዋታ ነው፤ ምናልባትም ምንም አላየችም። ክፍሉን ያድን ወይስ ያቺን «ምናልባት» ያድን? ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰንብቶ አንዱንም ሳይዝ ቀኑ ደረሰ።

ይባስ ብሎ ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ብቻ ናት። ሆቴሉ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ሁሉ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ሰው ነው። አጣፊዋ አሰበች አሰበችና፣ እሱን ሳታማክር፣ ስሟን ጠርቶ የማይጠግባትን ልጁን አስጠራች። ጋሽ እንፋሎት የስብሰባውን ክፍል በር ሲከፍት ሚጣ ተቀምጣ አገኛት። እጅጌዋን ሰብስባለች።

ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን ጨርቅ የተኮሰው እሱ ነው። የእጥፋቱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ተቀመጠ። ማዶ ሴትዮዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ወዲህ አጣፊዋ፣ ጫፉ ላይ ሚጣ። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ተናገረ፤ ሁሉም እንዲሰማው በሁለቱም ቋንቋ እያፈራረቀ።

«እኔ ያመጣሁት ነገር የለም። ደንቡ የራሳቸው ነው፣ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ላይም ሆነው ሲስቁ ነበር፣ ያየ ይመስክር።»

ዛሬ ደግሞ «እሳቸው» ሆኗል። ከተናገረው ውስጥ አንድም ውሸት የለም፤ ጋሽ እንፋሎትን የጨነቀው ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ተነሥቶ ይጮህ ነበር።

«የሆነውን በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ ትላለች» አለች ሚጣ፣ ጠረጴዛውን እያየች።

እሱ ሌላ አነጋገር የለውም፣ ቀልዱን ጀመረ። ስፌቷን እንደ ክር ማየቱን፣ ቁልፎቹ አልገናኝ ማለታቸውን፣ የበረኛውን አቋቋም። ሚጣ እየተከተለች ትተረጉማለች። ቃላቱን አያውቃቸውም፤ ነገር ግን በእሷ አፍ ሲወጡ አንዱም ቀልድ አይመስልም። ልክ የታመመ ሰው ታሪክ የምታነብ ነው የምትመስለው። ሴትዮዋ ከንፈሯን አላነቃነቀችም። ፈገግ ያለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፣ ያን ቀን ላውንደሪው በር ላይ ፈገግ ያላትን። ጋሽ እንፋሎት ያቺን ፈገግታ ሲያይ ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ።

«እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እሳቸው ካውያ ይዘው ያውቃሉ ወይ በያት። እኛ ዘንድ የሚስቅ ሁሉ ነገ ይለብሳል። እኔ ቬሎ ለብሻለሁ፣ ይቺ አጣፊዋ አንሶላ ለብሳለች። የእሳቸው ተራ መቼ ነው?»

ሚጣ ተረጎመችው። ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሰበሰበ። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና ወደ ጋሽ እንፋሎት ዞራ አንድ አጭር ነገር ጠየቀችው። ጅራቷ ትንሽ ብትለወጥም ያቺን የመድኃኒት ስም የመሰለች ቃል አወቃት።

«አዋርደውሃል ወይ ነው የምትልህ» አለች ሚጣ።

አጣፊዋ ወደ እሱ ዞረች። እሱ ግን የሚያየው ሚጣን ነው። እሷም ቀና ብላ አየችው።

«በያት...» አለ። «በያት፣ ጨዋታ ነው። ደግሞም የእኔ የምለው ሰው አላየኝም። የራስ ሰው ካላየ ምን ውርደት አለ?»

ሚጣ አልተረጎመችም። ሴትዮዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች።

«አባዬ» አለች ሚጣ። «መነጽርህን ይዤልህ መጥቼ ነበር።»

ጣቱ እጥፋቱ ላይ ቆመ።

«በረኛው ማንን ፈልገሽ ነው ሲለኝ ማንንም አልኩት። ‹ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?› ብዬ ደግሞ ጠየቅኩት። እንደማላውቅህ።» ድምፏ ተሰበረ። «ቃሉን መምህሩ አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ለደረሰብህ ነገር ስም ስፈልግ ነበር። ሳነበው ግን እኔንም ያዘኝ።»

ጋሽ እንፋሎት ልማዱ ነውና ሊስቅ ሞከረ፣ ከንፈሩ እንቢ አለው። ብቻዬን ነው የቆምኩት ሲል በሰነበተበት በር ላይ፣ ለካ ልጁም አብራው ቆማ ኖራለች። እሱ በየቀኑ ሲስቅ፣ እሷ በየቀኑ ከዚያ በር እየወጣች ነበር።

ሴትዮዋ አንድ ነገር አለች፤ ምን ተባባላችሁ ማለቷ ይሆናል።

«ምን ልበላት?» አለች ሚጣ።

«ያቺን ቃል በያት» አለ። «አዎ፣ አዋርዶኛል በያት።»

ሚጣ በተሰበሰበው እጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ ተናገረች። አጭር ነው የተናገረችው። ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሷን አንዴ አባቷን አየና ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ፤ ሴትዮዋ መጻፍ ጀመረች።

ጋሽ እንፋሎት ወደ ልጁ ጠጋ አለ። «እንዳልኩሽ ነው ያልሻት?» አላት በሹክሹክታ።

«አይደለም» አለች ሚጣ። «‹አዋርዶናል› ነው ያልኳት።»